በቴምዝ ጭቃ ላይ በዋለው ችሎት

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን፣ ዊልስደን እህቴ ቤት ምሳ በልተን፣ የድሮ ፎቶግራፎችን ወለል ላይ ዘርግፈን ስንለይ፣ የእህቴ ልጅ ሊያ አንዱን አነሳችና ሳቀች። የተበላሸ ፎቶ ነው። አብዛኛው ግራጫ ሰማይ፣ ከታች ጭቃ፣ በቀኝ በኩል የአባባ ጀርባ ከነካፖርታቸው፣ መሐል ላይ ደግሞ አቧራ የመሰሉ ነጠብጣቦች። "አንቲ፣ ይሄን ለምን ኪፕ አደረጋችሁት?" አለችኝ። ነጠብጣቦቹ ወፎች ናቸው አልኳት። ወዲያው ስልኳን አወጣች፤ ለካ አሁን ወፍ የሚለይ አፕ አለ። ፎቶውን አንስታ ትንሽ ጠበቀችና፣ "ወይ ደንሊን ነው፣ ወይ ከርሉ ሳንድፓይፐር ነው ይላል። ሹር አይደለም" አለች።

ስልኩን ከእጇ ነጥቄ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ክርክር አልፎ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ደግሞ ስልክ "እርግጠኛ አይደለሁም" ይለኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ አግብታ ዊልስደን ገብታለች፤ እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች፤ እኔና አባባ ኬኒንግተን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባባ አሰብ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ አሰብ ተመልሰው ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣ እዚያም ቤት "የነዚያ ነህ" ተባሉ፣ እዚህም ቤት "የነዚያ ነህ" ተባሉ፤ በመጨረሻ ለንደን ገባን። ለንደን ደግሞ ኢንተርቪው ያደረጓቸው ሰዎች አሰብ መወለዳቸውን አላመኑም። ትግርኛቸው ጥቂት ነው፤ አማርኛቸው ደግሞ የችሎት አማርኛ፣ ነጥቡና ሰረዙ ሳይቀር የሚሰማ። ኤርትራዊ እንዲህ አይናገርም ተባለና የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ሆነ። ይግባኝ አልን። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል" አሉኝ የዚያን ዕለት ከጠበቃው ቢሮ ስንወጣ፤ "እኔ ግን አባቴን በስሙ ጠርቼ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተዉ። መጀመሪያ ገበያ፣ ቀጥሎ ፓርክ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ሐኪሙ ካልተንቀሳቀሱ እግራቸው ይደክማል፣ ልባቸውም ይከተላል ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሳቸው መስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ከራቫታቸውን አስረው ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ትቻቸው የሄድኩበት ቦታ ማታ አገኛቸዋለሁ። ለምኜ፣ አኩርፌ፣ አልቅሼ አየሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች አባባን አያውቁም።

ከበራችን ፊት ለፊት ኮሊን የሚባል ጃማይካ ተወልዶ ለንደን ያረጀ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ይኖር ነበር። ወፍ ማየት ይወዳል። አንድ ቀን ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ስለ ወፎቹ ሲያወራ፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ አባባ ድንገት አፋቸው ተፈታ። አሰብ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ችሎት ከመግባታቸው በፊት በጨው ማምረቻው ዳር ይሄዱ እንደነበር፣ ብርዱ ወራት ሲገባ ግራጫ ጀርባ፣ ነጭ ሆድ፣ ምንቃራቸው ወደ ታች ጎበጥ ያለ ትንንሽ ወፎች እንደሚመጡ፣ ሠራተኛው "የጨው ወፍ" እንደሚላቸው ተናገሩ። ያን ያህል ቃል ከአፋቸው ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበር። ኮሊንም እነዚያ ወፎች እኮ በነሐሴ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ በዚሁ በቴምዝ በኩል ያልፋሉ አለ። አባባ ይህን ስተረጉምላቸው ሳቁ፣ በክፉ ሳቅ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እነዚያው መሆናቸውን ካሳየሽኝ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ውጡ ያልሽኝም ቦታ እወጣለሁ። ካላሳየሽኝ ግን ተዪኝ። በወንበሬ ልቀመጥ።"

ኮሊን ምስክር ሆኖ ተወራረድን። የመሬት ክርክር ሲነሳ ዳኛ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየቱ ግዴታው ነውና፣ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ይዘን ወደ ሬይንሃም እንወርድ ጀመር። እዚያ ወንዙ ሰፍቶ ባሕር ሊሆን ሲል፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ጭቃው ላይ ደግሞ ወፍ። አባባ ችሎት ሳይነሳ አይበላም ስላሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንበላም፤ ከሰቨን ሲስተርስ የገዛሁትን ዳቦ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ የዳቦ ቆሎው ሽታ ከቦርሳዬ እየወጣ ሲፈትነኝ ይውላል። ነሐሴ ነው ሲባል ሙቀት የጠበቅኩ እኔ ሞኟ ነኝ። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ ዓይን ያስነባል፤ የኮሊን ባይኖኩላር ደግሞ በገዛ ትንፋሼ ይደበዝዝብኛል።

ወፎቹስ? ወፍ መለየት ማለት ወፍ ማየት የመሰለው ሰው ከዚያ ጭቃ ላይ አንድ ቀን ይዋል። ሁሉም ትንሽ ነው፣ ሁሉም ቡናማ ነው፣ ሁሉም ይሮጣል። ውሃው ሲሸሽ እነሱም ከውሃው ጋር ርቀው እንደ ተፈነጠረ ጤፍ ይታያሉ፤ ውሃው ሲሞላ ቀረቡልኝ ስል ተነስተው ማዶ ይሻገራሉ። ደንሊን የሚባለው በብዛት አለ፤ የኛዋ፣ ማለት ኮሊን የአባባ ናት የሚላት ከርሉ ሳንድፓይፐር፣ በደንሊኖቹ መካከል አንድ ሁለት እየሆነች ትገባለች። ደንሊንም ምንቃሩ ጎበጥ ይላል። መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን አይቼ ቀና ስል ወፏ የለችም። ኮሊን ራሱ እርግጡን ተናገር ሲባል "ሜይ ቢ" ማለት ይወዳል። በሜይ ቢ አባቴን ከወንበር ላነሳ አልችልም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ግን አንዷ ቀረብ ብላ ቆመች፤ ኮሊንም ይቺ ናት ብሎ ማለ። አባባ ባይኖኩላሩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

"ቀይ ናት" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደረቷ የሸክላ ቀለም ነበር። "እኔ የማውቃት ግራጫ ናት። አይደለችም።"

ኮሊን በእኔ አፍ ተከራከረ። እነዚህ ወፎች ሰሜን ለመራባት ሲሄዱ ቀዩን ይለብሳሉ፣ ሲመለሱ በመንገድ ላይ እያራገፉት ይሄዳሉ፤ አሰብ ሲደርሱ ግራጫ ናቸው አለ። አባባ በጥሞና ሰሙና፣ "ልብስ ለወጠች ማለት ቀላል ነው። ያልተለወጠ ምኗ ነው? እሱን አሳዩኝ" አሉ። ኮሊን አሰበና፣ ከጅራቷ በላይ ወገቧ ላይ ንጹሕ ነጭ አለ፣ በክረምትም በበጋም አይለወጥም፣ ደንሊን ግን እዚያው ላይ መሐሉን ጥቁር መስመር ይከፍለዋል አለ። ችግሩ፣ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ሆነ። ከዚያ በሚቀጥለው ደግሞ በረሩ፣ ግን ወደኛ ፊታቸውን አዙረው፤ የማየው ሆዳቸውን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው በፀሐይ ውስጥ ገቡ፣ ዓይኔ ታወረ። ወፎቹ ሆን ብለው የሚያደርጉት መሰለኝ። የወሩ ቅዳሜዎች እያለቁ ነበር፤ ካለፉ ደግሞ አባባ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ፣ እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁና ልናገር አልችልም። ባቡር ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሳያቸው ከወፎቹ ይልቅ በሳቸው እናደድ ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ ላይ አንዷ ቀይ እንደገና መጣች። ደረቷ አሁን ተዝጎርጉሯል፤ በቀዩ መካከል ግራጫው ብቅ ብቅ ብሏል። ይኸው እየለወጠች ነው አልኳቸው። አባባ አይተው፣ "ቀይም አይደለች፣ ግራጫም አይደለች። ይቺማ ጭራሽ ማን እንደሆነች አይታወቅም" አሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

"አባባ፣ ፍርድ ከራስ ነው" አልኩ። "እኛ በምናውቅሽ መልክ አልመጣሽምና አንቺ አይደለሽም እያሏት ነው። እርስዎንም ያሉት ይህንኑ ነው።"

ኮሊን አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ወደ ፔርሙዙ ዞረና ሻይ መቅዳት ጀመረ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ባይኖኩላሩም ደብዝዞ፣ በነጠላዬ ጫፍ መጥረግ ያዝኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ነው ጭልፊት የመጣው። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ያ ሁሉ ወፍ በአንድ ጊዜ ሲነሳ የክንፉ ድምፅ ሸራ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ባይኖኩላሩን ጥዬ አንገቴ ላይ የነበረውን ካሜራ ወደ ሰማይ አንስቼ ሳላይ ተጫንኩት። ወፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ማዶ ራቁ።

አባባ ተነስተው ቆመው ነበር። እስኪጠፉ ድረስ ተከተሏቸው።

"ናቸው" አሉ።

ነጩን አዩት ወይ አልኳቸው። ካፖርታቸውን መቆለፍ ያዙ። ደግሜ ጠየቅኳቸው። "ጨው ማምረቻው ዳር ስቀርብ ሁልጊዜ ይሸሹኝ ነበር" አሉኝ፤ "እኔ እነሱን የማውቃቸው ከኋላ ነው። ተነሽ፣ ባቡር ያመልጠናል።" ኮሊን ሻይ ሲቀዳ ነበርና አላየም። እኔም አላየሁም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ዳቦ ቆሎውን ባቡር ውስጥ አብረን በላን።

በማግሥቱ እሑድ ከራቫታቸውን አስረው ነጠላቸውን ደርበው ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ አልቀሩም። ይግባኙም በሚቀጥለው ዓመት ተፈቀደላቸው፤ የተናገሩት ነገር ቢኖር "ዘገዩ" የሚል ብቻ ነበር።

እኔን ግን አንድ ነገር ሲያብከነክነኝ ኖሯል። አባባ ዳኛ በራሱ ችሎት ምስክር አይሆንም እያሉ ነው ያሳደጉን። የዚያን ዕለት ምስክሩም እሳቸው፣ ዳኛውም እሳቸው ነበሩ። ነጩን በእውነት አይተው ነው የፈረዱት፣ ወይስ እኔ በተናገርኩት ቃል ተነክተው ለወፏም ለእኔም አዝነው? ሊያርፉ ሲቃረቡ ሆስፒታል ውስጥ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው፣ "ይግባኝ ትያለሽ?" አሉኝ። በየነሐሴው ሬይንሃም እሄዳለሁ፤ አሁን የራሴ ጥሩ ባይኖኩላር አለኝ፤ ያንን ነጭ እርግጠኛ ሆኜ ያየሁበት ቀን ግን እስከ ዛሬ የለም። ሁልጊዜ ወይ ፀሐይ ነው፣ ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ ዓይኔ ነው።

ሊያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ውስጥ እያስገባች በየግርጌያቸው ስም ትጽፍ ነበር። የተበላሸው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከሁለቱ የትኛውን ልጻፍ አለችኝ። ከርሉ ሳንድፓይፐር ብለሽ ጻፊ አልኳት።

"ሹር ነሽ?" አለችኝ።

"እኔ አይደለሁም" አልኳት። "አያትሽ ግን ፈርደዋል።"