የንባብ ኮንትራት

የገንዳ ውሃ ከተማው ባለሰሊጥ አቶ እንዳለው በገዛ እጃቸው የሚሠሩት ሥራ ቢኖር ስልክ ማንሳት ነው። ለእርሻው ትራክተር ነጂ፣ ለአረሙ አራሚ፣ ለግቢው ዘበኛ ቀጥረዋል። ባለቤታቸው አትክልት ደግሞ የመለዋወጫ ሱቋ ውስጥ ውላ ታመሻለች። አራት ዓመት የሞላት ልጃቸው ፅዮን ግን አፏን አልፈታችም። የምታውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ሃሎ» እና «ኩንታል»። ከማን ተማረችው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ሠላማዊት አስጠራቻቸው። «ጋሼ፣ ልጅዎት የሚያወራት ሰው አጥታ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጽሐፍ ያንብቡላት» አለቻቸው።

አቶ እንዳለው ደነገጡ። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ አንድ ቀን «አባባ» ብላ ወግ ስትጀምርላቸው ለመስማት የእርሻቸውን ግማሽ ቢሰጡ አይቆጫቸውም። ግማሽ ሰዓት መስጠት ነው ያቃታቸው። ስለዚህ ከጎንደር ስድስት የተረት መጻሕፍት አስመጡና አንባቢ ቀጠሩ። አገኘሁ ይባላል፤ አሥረኛ ክፍል አቋርጦ ለአጨዳ ከጎጃም የወረደ፣ በአገሩ አጠራር ሳሉግ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው።

አገኘሁ ፅዮንን በግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ የጅብ ተረት ያነብላታል። መሃል ላይ ቆም ይልና «ከዚያ ጅቡ ምን ያደረገ ይመስልሻል?» ይላታል። በሳምንቱ «በላ!» አለች። በወሩ ከጅቡ ጋር ክርክር ገጠመች።

አቶ እንዳለው በረንዳ ላይ ሆነው አጨዳ እንደሚቆጣጠሩ ሁሉ ንባቡን ይቆጣጠራሉ።

«አንድ መጽሐፍ ሦስት ቀን? ሰሊጥ ቢሆን ረግፎ ቀርቶ ነበር!»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ናት ድገምልኝ የምትል።»

«የታጨደ ማሳ ተመልሶ ይታጨዳል እንዴ?»

ኅዳር ላይ ስድስተኛው መጽሐፍ አለቀ። አቶ እንዳለውም ሥራው ተጠናቀቀ ብለው አገኘሁን አሰናበቱት። የልጅ አንደበት እንደ ጆንያ ተሞልቶ የሚሰፋ መስሏቸዋል!

በማግስቱ ፅዮን የጅቡን መጽሐፍ ታቅፋ መጥታ ጭናቸው ላይ ወጣች። ደስታቸው ወሰን አጣ። አንዱን ገጽ ትንፋሽ ሳይወስዱ አነበነቡት። ልጅቱ ገጹን በእጇ ሸፈነችው።

«ከዚያ ጅቡ ምን ያደረገ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ? ይኸው ተጽፎ የለም እንዴ!»

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። «ሃሎ! ስንት ኩንታል?» እያሉ ሲጮኹ ፅዮን ጭናቸው ላይ ሆና እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። ከዚያ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብላ ወረደች። አቶ እንዳለው ሲናፍቁት የኖሩት ወግም መጣላቸው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተኮላተፈም።

«አባባ፣ አንተ ተወው። ማንበብ የሚችል ሰው ቅጠርልኝ።»