አረንጓዴ የተቀባው ግማሽ ሰዓት

ልማድ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ ብዬ ሐይቁ ዳር የወጣሁት ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጫማው አልጋ ሥር ገባ፣ እዚያው ቀረ። የቀን ውሎዬን ልጽፍበት የገዛሁት ደብተር አራት ገጽ ተጽፎበት የልጆቼ የሒሳብ መለማመጃ ሆነ። በሕይወቴ በየቀኑ፣ ሳልዘል፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም እንዴት እንደጠፋ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የምናደደው በሌሎች ነው፤ ትንሽ ቆይቼ በራሴ።

ጊዜው የአንድ ለአምስት ዘመን ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ቤቴ መናኸሪያ አካባቢ ስለነበረ በባጃጅ ስመጣ ከአንድ ሰዓት አለፍ ሲል በሩ ላይ እደርሳለሁ። በሩን የሚከፍቱልኝ ከቱላ እየተመላለሱ የሚሠሩት ዘበኛችን ነበሩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ተማሪውም መምህሩም «አባባ» ነው የሚላቸው። አፋቸውን የፈቱት በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛውን ከሰው ጋር እየዋሉ ነው የለመዱት፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም።

አንድ ጠዋት ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ይጠይቁኝ አባባ።»

«አዲስ መዋቅር መጣ አሉ። መጻፍ የማይችል ዘበኛ ይወጣል አሉ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። በአዲሱ መዋቅር ዘበኛ የሚገባ የሚወጣውን እንግዳ ስም በመዝገብ መጻፍ አለበት ተብሏል። እሳቸው እስከዚያ ቀን ድረስ መዝገባቸው ጭንቅላታቸው ነው። ትናንት በስንት ሰዓት ማን ገባ፣ ከማን ጋር ተነጋገረ፣ ምን ይዞ ወጣ ብትሏቸው አንድም አይስቱም። ግን ይህን የሚፈልገው ማን ነው? የሚፈለገው ወረቀት ነው። ጡረታቸው ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፤ ከዚያ በፊት ከወጡ ደግሞ ባዶ እጃቸውን ነው ቱላ የሚገቡት።

«እኔ አስተምርዎታለሁ» አልኳቸው። ሳላስብ ነው የወጣኝ። ከአንድ ከሩብ እስከ አንድ ከአርባ አምስት፣ ደወሉ ሳይደወል፣ በቆርቆሮዋ ጥበቃ ቤታቸው ውስጥ። በየቀኑ።

በማግስቱ ስመጣ ሁለተኛ ዱካ ከየት እንዳመጡ አላውቅም፣ ጠርገው ጠብቀውኛል። እርሳሱን እንደ አካፋ እጀታ ነበር የሚጨብጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት እርሳስ ሰበሩ፤ በሰበሩ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቁኛል። በሦስተኛው ሳምንት ከሀ እስከ መ ከነእርባታቸው ለዩ። መንገድ ላይ ያዩትን ፊደል ሁሉ ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር፤ «ቲቸር፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ለ አለች» ይሉኛል፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ይመስል። እኔ የሮጥኩ ሁለት ቀን፣ የጻፍኩ አራት ገጽ፣ ያን ግማሽ ሰዓት ግን አንድም ቀን አላረፈድኩበትም። ዝናብ ቢጥል፣ ልጄ ቢያተኩሰው፣ ባጃጅ ቢጠፋ፣ እደርስ ነበር። ቀኔን የማቃናው በእሱ ነበር፤ ከዚያ ወጥቼ ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ስገባ ጉልበት ነበረኝ።

ከዚያ ሥልጠናው መጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ቃላቱ ሁሉ በብረት የተቀረጹ ይመስላሉ። ለውጥ የሚመጣው በየዕለት ልማድ ነው፤ እያንዳንዱ የአንድ ለአምስት ቡድን አባል አንድ የዕለት ልማድ ይመርጣል፤ አፈጻጸሙ በየቀኑ ይገመገማል አለን። ለማያውቅ ሰው፣ አንድ ለአምስት ማለት አንድ መሪ አምስት ሰው ይዞ በየቀኑ እየተሰበሰበ ዕቅድ የሚያወጣበት፣ የሚተችበትና የሚፈራረምበት አደረጃጀት ነው። «እስቲ ምሳሌ የሚሰጠን?» ሲል እጄን አውጥቼ ስለ አባባ ለፈለፍኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እዚያው «የጥበቃ ሠራተኛውን በየቀኑ ፊደል ማስተማር» ብሎ በዕቅዴ ላይ አሰፈረው።

ሰኞ የቡድናችን የስብሰባ ሰዓት ተለጠፈ። በየቀኑ ከአንድ ከሩብ እስከ አንድ ከአርባ አምስት ይላል።

ሮጬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። «ይኼ እኮ አባባን የማስተምርበት ሰዓት ነው!»

«እሱን ሌላ ሰዓት ታደርጊዋለሽ» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ስብሰባው ከላይ የመጣ ነው።»

ሌላ ሰዓት የለም። ምሳ ሰዓት ልጆቹ ሲተሙ እሳቸው ከበሩ መነቃነቅ አይችሉም። ከሰዓት እኔ የማጠናከሪያ ክፍል አለኝ፤ እሱን ስጨርስ እሳቸው ተረኛውን አስገብተው ወደ ቱላ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጥተዋል። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ቁርጠኝነት ካለ ጊዜ አይጠፋም» አለኝ። ወጥቼ ስብሰባዬ ገባሁ።

የአስተማሪዎች ማረፊያ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሠንጠረዥ ተሰቀለ። ልማዱን የፈጸመ አረንጓዴ፣ በከፊል የፈጸመ ቢጫ፣ ያልፈጸመ ቀይ ይቀባል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ቀይ ቀባሁ። አላስተማርኩማ! የቡድን መሪያችን ለምን ሲለኝ «በዚህ ስብሰባ ምክንያት» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ስለ እኔ ሆነ። አንዷ ስብሰባውን ማጥላላት ነው አለች፤ ሌላው የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ ገለጸ፤ ራሴን እንድተች ተጠየቅሁ። ደወሉ ተደውሎ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ ልጆቼ ክፍል ገብተው አስተማሪ አጥተው ሲጯጯሁ እየሰማሁ ራሴን እተች ነበር። በማግስቱም ቀይ ቀባሁ፤ በማግስቱም እንደዚያው።

ሐሙስ አረንጓዴውን አነሣሁ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀና እየሮጥኩ ጥበቃ ቤቷ ደረስኩ፤ በቀረችው ጊዜ አንዲት ፊደል አስጠናኋቸው። ይኸውላችሁ፣ ያቺን አሥር ደቂቃ ያገኘኋት በውሸት ነው። የማስተምርበትን ጊዜ ለማግኘት አስተማርኩ ብዬ መዋሸት ነበረብኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን ይነግሩታል?

ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹም እንደ እኔ ብልጥ ኖረዋል፤ በወሩ መጨረሻ የቡድናችን ሠንጠረዥ የሣር ሜዳ መሰለ። «ሞዴል ቡድን» ተባልን። ሞዴል ከተባልን በኋላ ያቺ አሥር ደቂቃም ሄደች፤ ተሞክሯችሁን ጻፉ ተባለ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ሊጎበኙን መጡ፣ አስጎብኚዋ እኔ ሆንኩ። እንግዶቹን ይዤ በሠንጠረዡ ፊት ቆሜ ስለ አባባ አስረዳለሁ፤ አባባ በመስኮቱ በኩል በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይታዩኛል።

በየጠዋቱ ስገባ ሁለቱ ዱካዎች ወጥተዋል፣ ደብተሩ ተገልጧል።

«ዛሬም ስብሰባ ነው ቲቸር?»

«ነገ አባባ። ነገ በእርግጠኝነት።»

«እሺ። ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረብኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት? ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እባንን ነበር። እኔ ግን በየቀኑ ነገ እያልኩ ማለፍ ለመድኩ። ለካ ልማድ የሚይዘኝ ዓይነት ሰው ነኝ።

በመሃሉ አንድ ዕድል መጥቶ ነበር። የጎልማሶች የማታ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ የማያነቡ ሠራተኞቻችሁን ስም ላኩ ተብሎ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊዋ የጽዳት ሠራተኞቹንና የአባባን ስም ጽፋ አመጣች። ርዕሰ መምህሩ አየና የአባባን ስም ሰረዘው። «እሳቸው እየተማሩ ነው፤ አረንጓዴ ናቸው» አለ። ቢሮው ውስጥ ነበርኩ፣ የሰዓት ፊርማ ልፈርም የገባሁ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር። ግን አፌን ብከፍት ሠንጠረዡ ውሸት ይሆናል፣ ሞዴሉ ውሸት ይሆናል፣ እንግዶቹ ፊት የለፈለፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ፈርሜ ወጣሁ። በዚያ ሳምንት ካርታ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ገጽ ለአባባ በቀን በቀን ከፋፈልኩ፤ ከነገ ጀምሮ ስብሰባውን ረግጬ እወጣለሁ ብዬ ማልኩ። ነገ ሲመጣ ስብሰባ ገባሁ።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ መዋቅሩ ሊተገበር ሆነና ኮሚቴ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ የሰው ኃይል ባለሙያ በሰብሳቢነት፣ ርዕሰ መምህሩ፣ እና የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ። አባባ ተጠርተው ገቡ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ቁጭ ይበሉ ቢባሉም አልተቀመጡም።

ባለሙያው የእንግዳ መዝገቡን ከፍቶ እስክሪብቶ ሰጣቸው። «አንድ እንግዳ መጣ እንበል። የእኔን ስም ይጻፉ» ብሎ ስሙን ነገራቸው።

አባባ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ቀስ ብለው ሀ ጻፉ፣ ቀጥለው ለ፣ ቀጥለው ሐ፣ ቀጥለው መ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። የሰውየው ስም ከእነዚህ አንዱም የለበትም።

ባለሙያው የእኛን ሪፖርት አገላበጠ። ገጽ በገጽ አረንጓዴ ነው። ግራ ገባው። «ይህን ሁሉ ወር በየቀኑ ተምረው ይኼ ነው?» አለ፣ ለማን እንዳለው ግን አልታወቀም። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጣሪያው ያያል። እኔ ወደ ደብተሬ አያለሁ።

«አባት፣ እስቲ በግልጽ ይንገሩኝ» አላቸው። «ትምህርቱ በየቀኑ ይሰጥዎት ነበር ወይስ አልነበረም?»

አልነበረም ይበሉና ልገላገል አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ አደራ እንዳይሉ አልኩ። ሁለቱንም ተመኝቻለሁ።

አባባ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም።

«ይሰጠኝ ነበር» አሉ። «ቲቸር ጠዋት ጠዋት ያስተምሩኛል። አንድ ቀን አልቀሩም። የእኔ ጭንቅላት ነው፤ አርጅቷል፣ አይዝም።»

እሳቸው ጭንቅላታቸው አይዝም! የአንድ ሳምንት ገቢ ወጪውን በሰዓት በሰዓት ቆጥረው የሚነግሩን ሰው!

«አመሰግናለሁ፣ ይውጡ» አላቸው ባለሙያው። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ወደ እኔ ዞረና እንድጽፍ በቃል ይነግረኝ ጀመር። ሠራተኛው በመምህርት በኩል ተከታታይ ትምህርት ተሰጥቶት መቀበል ያልቻለ በመሆኑ ለአዲሱ መዋቅር ብቁ ሆኖ አልተገኘም። ጻፍኩ። ቃል ሳልዘል፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው ጻፍኩ።

«ድምፅ እንስጥ» አለ። የእሱ እጅ ወጣ። የርዕሰ መምህሩ እጅ ወጣ። ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ፤ እኔ እስክሪብቶ በያዘው እጄ አወጣሁ። ከዚያ እጄን አውርጄ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።