ከጋዜጣው ጀርባ

ነቀምቴ ውስጥ በቅርቡ በተከፈተች ትንሽ ሙዚየም፣ የሙዚየሟ ሠራተኛ አንድ የደርግ ዘመን ጋዜጣ ከካርቶን አውጥታ ዘረጋችልኝ። የሻገተ የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ። ጥጉ ላይ ኩራዛችን ያጠቆረው ክብ አለ። ከፈረሰው የጨለለቂ ሰፈር ቤታችን ግድግዳ ላይ የተላጠው ነው።

ወንጌላዊው አባቴ የታሰረ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችንም ታሽጎ ነበር። እናቴ ሙጫ አፍልታ፣ የአባቴን የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ገነጠለችው። ገጾቹን ከጋዜጣው ጀርባ ለጠፈችና፣ ፎቶው ላይ ያሉት የአብዮት በዓል ሰልፈኞች ወደ እኛ እንዲያዩ አድርጋ ግድግዳው ላይ አጣበቀችው። ሙጫው ጣቶቿን ለብልቧቸው ነበር።

«አዮ፣ አባዬ ሲመጣ በምን ይዘምራል?» አልኳት እናቴን።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ዝም እንበል፤ ግድግዳው ይያዝልን።»

ግድግዳ መዝሙር እንዴት እንደሚይዝ አልገባኝም። ሊፈትሹ የመጡት ካድሬዎች ግን ሰልፉን አይተው «ጎሽ!» ብለዋት ሄዱ። አባቴ በዚያው ቀረ። ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንኳ ጋዜጣውን እንላጠው ስላት፣ እናቴ «እሱ ሲመጣ ራሱ ይላጠው» እንዳለች ሞተች።

«እስቲ ገልብጪልኝ» አልኳት ልጅቷን። 

ገለበጠችው። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ አንዲት ፊደል የለበትም።

«አዴ፣ የተቀዳደደ አሮጌ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፤ በውሃ አርጥበን ፋቅነው» አለችኝ። ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ፣ ቶሎ ብላ አጽናናችኝ፦

«አይዞዎት፣ ጋዜጣው ምንም አልሆነም።»