ቴርሚን ያለው ባህር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ ድንኳኑን ከምድር ቤት አውጣልኝ አለችኝ። ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር የምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለችው ኬለር የሚሏት ምድር ቤታችን በዕቃ ታጭቃ በሯ እንኳ በግድ ነው የሚዘጋው። የሕፃን ጋሪ አለ፣ ማንም የማይነዳው ብስክሌት አለ፣ ለምን እንዳስቀመጥነው የማናውቀው ሦስት ባልዲ አለ። ድንኳኑን ከሁሉም ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ከረጢቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ እድፍ አለ። አፍንጫዬን ሳስጠጋው አሁንም አዋዜ አዋዜ ይላል፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

"ከጓደኞቼ ጋር ኖርድዜ ባህር ልንሄድ ነው" አለች ሊያ። "ፓፓ፣ አንተ የአሰብ ልጅ አይደለህ? ባህር ታውቃለህ። ቲፕ ስጠኝ፣ ምክር።"

ድንግጥ አልኩ። ምክንያቱም የአሰብ ልጅ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ደብረ ብርሃን አድጌ፣ ከበሬሳ ወንዝ የሰፋ ውሃ ሳላይ ጢም ያወጣሁ ሰው ነኝ። አሰብን የሚያውቋት የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት አጎቴ ጋሽ በቀለ ናቸው።

ውሸቱ የተጀመረው እዚሁ ሰፈር፣ ኒዳ ወንዝ ዳር ነው። ያኔ ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም፤ አየር ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። እሑድ እሑድ አራት ሆነን ወንዙ ዳር እንቀመጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ሰሎሞን፣ ቬስትኤንድ ሰፈር ቢሮ የምታጸዳው ሂሩት፣ የሂሩት የቤት ተጋሪ ገነት፣ እና እኔ። ገነት አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ዝምተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ ዝምታዋን ሳይ ምላሴ የሚተሳሰርብኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ዳክዬዎቹን እያየች "በሕይወቴ አንዴ እንኳ ባህር ባይ" አለች። አፌ ሳያስፈቅደኝ ተከፈተ።

"ባህርማ እኔን ጠይቂኝ! አሰብ አይደል እንዴ ያደግሁት?"

ዞራ አየችኝ። በሦስት ወር ውስጥ በደንብ ስታየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመለስ? የብርዱን ወራት ሙሉ የጋሽ በቀለን ወሬ እየቆነጠርኩ አወራሁላት። ጎማ የሚያቀልጠውን አስፋልት፣ ፍየል የሚያህለውን ዓሣ፣ ሌሊት የሚያጓራውን ማዕበል። ወሬው ሳይጣፍጥ አልቀረም፣ ሐምሌ ሲደርስ ሁላችንም ባህር ሄደን ድንኳን እንትከል ተባለ። መሪው እኔ። በልቤ ደግሞ ሌላ ዕቅድ ነበረኝ፤ ባህሩ ዳር ለገነት እንደምወዳት ልነግራት ነው።

የድንኳን ቦታ የምታከራየው ሴትዮ በስልክ "ከቀትር በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ መዋኘት የለም" አለችኝ። እኔ ደንብ መሰለኝ። እሑድ ጠርሙስ መጣል በሚከለከልበት አገር ከሰዓት በኋላ መዋኘት ቢከለከል ምን ይደንቃል? ለማንም ሳልናገር ተውኩት።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልንነሳ ተባባልን። ያው የሐበሻ ቀጠሮ ነው። ሂሩት "ባዶ እጃችንን አንሄድም" ብላ ድፎ ዳቦ እየጋገረች አገኘናት፤ ኮባ ስለሌለ በፎይል ጠቅልላው ውስጡ አልበስል ብሏታል። ሰሎሞን ጎማ ላስነፋ ብሎ ሄዶ ጠፋ። ስንነሳ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። አውቶባኑ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ የመኪና መጨናነቅ ገጠመን፤ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። መስኮት ስንከፍት የታጨደ ሣር ይሸተናል፣ ስንዘጋ የድፎው ጥቁር አዝሙድ። እስክንደርስ ድፎው ተጋምሷል።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ከባህሩ በፊት በጎች የሚግጡበት ረጅም የአፈር ግድብ አለ። መሪ ነኝና ቀድሜ ወጣሁ፤ እጄን ዘርግቼ "ይኸውላችሁ!" አልኩ።

ባህር የለም።

ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ጭቃ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ጀልባ በጎኗ ተኝታለች። ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ።

"ባህሩ የታለ?" አለች ሂሩት።

"ሄዷል። ይመጣል" አልኩ።

"የት ሄደ? ገበያ?"

"አሰብም እንዲህ ያደርጋል?" አለ ሰሎሞን፣ ዓይኑን አጥብቦ።

"አልፎ አልፎ።"

ሂሩት "ይሄ ሰውዬ ባህር አይቶ አያውቅም እንዴ?" ብላ ሳቀች። ገነት ግን አልሳቀችም። በዚያች ደቂቃ ውሸቴ ከታወቀ ገነት ድጋሚ ዞራ እንደማታየኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

በግድቡ ላይ ውሻ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሌ መጡ። ከእኛ ጀርመንኛ በደንብ የምትችለው ገነት ስለሆነች ጠጋ ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ አንድ ነገር ተናገሩና ሄዱ።

"ምን አሉ?"

"አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ይደርሳል አሉ" አለች ገነት።

"ባህሩ?" ሂሩት ጭንቅላቷን ያዘች። "በዚህ አገር ባህሩም በቀጠሮ ነው? ቴርሚን አለው?"

አለው። ቀጠሮው ያመለጠው ደግሞ እኛን ነው፤ ሴትዮዋ በስልክ ከቀትር በፊት ድረሱ ያለችው የገባኝ ያኔ ነው። ግን ልቤ ተመለሰ፤ ይመጣል ብያለሁ፣ ሊመጣ ነው! ደስታው አሰከረኝ መሰለኝ፣ ድንኳኑን ቁጥሩ በተሰጠን ቦታ ላይ እንትከል ሲሉ "የአሰብ ልጅ ከውሃ ርቆ ድንኳን አይተክልም" ብዬ ከግድቡ ማዶ፣ ጭቃው ጠርዝ ካለው ደረቅ አሸዋ ላይ ተከልኩት። ጥብሱን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ አዋዜውን ውስጡ ዘረጋን። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሰሎሞን እንኳ "መሪያችን" ማለት ጀመረ።

እኔ የጠበቅኩት የጋሽ በቀለን የሚያጓራ ማዕበል ነበር። ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም። በጭቃው ውስጥ ባሉት ቦዮች ሹልክ ሹልክ እያለ መጥቶ፣ እኛ ፊት ለፊት ስናፈጥ ከጀርባችን ዞረ። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ሂሩት "እግሬ!" ብላ ጮኸች። ድፎው ተንሳፍፎ እየሄደ ነው። ሰሎሞን ድስቱን ይዞ ወደ ግድቡ ሮጠ፣ ሂሩት ድፎውን ተከትላ። እኔና ገነት ድንኳኑን በሁለት ጫፍ ይዘን ስንጎትት የአዋዜው ብልቃጥ ከረጢቱ ላይ ተደፋ፤ እኔም ገመዱ ጠልፎኝ በአፍጢሜ ተደፋሁ። አፌን የሞላ ውሃ ዋጥኩ።

"ወይኔ! እውነትም ጨው ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ገነት እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። በአወዳደቄ የሳቀች መሰለኝ።

የቦታው ባለቤት "ከቀትር በፊት ብዬ ነበር" እያለች ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ አሳደረችን። በማግሥቱ ረፋድ ባህሩ ግድቡ ሥር ድረስ ሞልቶ ጠበቀን። ለገነት የዚያን ጊዜ ነገርኳት፤ እርጥብ ሱሪ ለብሼ፣ አዋዜ አዋዜ እየሸተትኩ። ከውሃው ዞራ አየችኝና "እሺ። ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ግን ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምመርጠው" አለችኝ።

ስለ አሰብ ግን አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ ስል ሠርጉ ደረሰ፤ ከሠርግ በኋላ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሰው ስለ አሰብ ሲያነሳ ሽንት ቤት እየሄድኩ ኖርኩ።

ባለፈው ቅዳሜም ሊያ ድንኳኑን ታቅፋ ቲፕ ትጠብቃለች። የውሸታም ምክር ሰምታ ውሃ ውስጥ ብትተክለውስ? ገነት ኩሽናው ውስጥ አጠገባችን ሽንኩርት ትከትፋለች።

"አሰብን አይቻት አላውቅም" አልኩ።

"ቫስ? ምን?" አለች ሊያ። "ትምህርት ቤት ሬፌራት፣ ጥናት አቅርቤበታለሁ እኮ! ለአንድ ክፍል ተማሪ ሙሉ!"

ገነት ከመክተፊያው ቀና አላለችም። "ጨው ነው ብለህ ስትጮህ የድንኳኑን ሌላ ጫፍ የያዘው ማን ነበር?"

"ታውቂ ነበር?"

"ባህር ጨው መሆኑ የሚገርመው የአሰብ ልጅ የት አለ?"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?"

"ሄዷል፣ ይመጣል ያልከኝ አንተ አይደለህ?" አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሳቁ አላወቅሁም። "እውነቱም ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆየ እንጂ።"

ደብቄአታለሁ ብዬ ስንት ዓመት ተጨነቅሁ፤ እሷ ለካ ሳቋን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አፈርኩ፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም። ለሊያ ያለኝን አንድ ምክር ሰጠኋት፦ ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት ጠይቂ፣ ሲነግሩሽም እመኚ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ሄጄ የቀረውን ሽንኩርት ከተፍኩ።