የግድግዳችን ንግሥቶች

ግልጽ ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ያን ጭርርር የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ሥራ ቦታም ልሁን ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ጥርሴን ነክሼ ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እመለሳለሁ፤ አባቴ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ አንዲት የሞተች ንግሥት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ አየዋለሁ። ንግሥቲቱ የእኛ አይደለችም፤ የዴንማርክ ናት።

ስሜ ኢንገቦርግ በላቸው ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ በስድስት ዓመቴ ከእናቴና ከአባቴ ጋር አሜሪካ የገባሁ፣ ጸጉሬ የተንጨባረረ፣ ጉልበቴ ሁልጊዜ የተላጠ ጠይም ልጅ ነበርኩ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ትምህርት ይከፈትና፣ የዓመቱ አዲስ አስተማሪ ስም እየጠራች እኔ ጋ ስትደርስ ፊቷ ፈካ ይል ነበር፤ ከዚያ ዓይኗ በእኔ ላይ አልፎ ወርቃማ ጸጉር ያላት ልጅ ፍለጋ ክፍሉን ይዞራል፣ እኔም እጄን አወጣለሁ፣ ፈገግታዋም እዚያው ይከስማል። በየዓመቱ እንዲህ ነበር።

አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ሌሎቹ ሾፌሮች ስለ አገር ፖለቲካ ሲነታረኩ፣ እሱ የላይብረሪ መጽሐፍ መሪው ላይ ዘርግቶ ያነብ ነበር፤ ላየው ሰው ምሁር ይመስላል። የሚያነበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኢንገቦርግ ስለሚባሉ ሴቶች። አንዷን ባገኘ ቁጥር ገጹን ኮፒ አስደርጎ፣ ጥቅልል አድርጎ ይመጣና ፕላስተሩን ያነሳል። በአሥር ዓመቴ ግድግዳችን ላይ የፈረንሳይ ንጉሥ ያገባት የዴንማርክ ልዕልት፣ ልጇ ሕፃን ሳለ ዙፋን ስለወረሰ አገር ያስተዳደረች ልዕልት፣ ደግሞም ባሕር ዳር ተቀምጣ ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ አንዲት ቆንጆ ነበሩ። ይቺ ሦስተኛዋ የተረት ሰው ናት ብዬ ብነግረው፣ «ተረትም መነሻ አለው» ብሎ ከሁለቱ ጎን ለጠፋት። ለእሱ ሁሉም ዘመዳሞች ነበሩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳ ሲመጣ ጉዱ ይጀምራል። ሰዉ ምሳውን ሳይጨርስ አባቴ ይነሳና፣ «ኢንገቦርግ ማለት ዝም ብሎ ስም እንዳይመስላችሁ» ብሎ በጣቱ እያሳየ ከንግሥት ወደ ንግሥት ያዞራቸው ነበር። እንግዶቹም፣ አፋቸው በምግብ ሞልቶ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዶቹን እንቃቸው ነበር፤ ደረጃውን ሲወርዱ የሚሳሳቁት እስከ መኝታ ቤቴ መስኮት ይሰማል። ፊት ለፊት የሚናገረው የአባቴ የታክሲ ጓደኛ ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበር።

«በላቸው» አለው አንድ ቀን፣ «እኛ አገር ንግሥት አልቆ ነው?»

«አንተ ታሪክ አይገባህም» አለ አባቴ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ሳህን ታነሳ ነበር። እማዬ ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር የምትሠራው፤ ዲቪውን የሞላችውም፣ የደረሳትም፣ አሜሪካ ያመጣችንም እሷ ናት። ኢንገቦርግ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። ሚጣ ነበር የምትለኝ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ በረዶ ይዞ ሲመጣ እማዬ እርጉዝ ነበረች፣ ሐኪሙም ወንድ ነው ብሏታል። አባቴ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ስሙ እንደ ዴንማርክ ነገሥታት ሃራልድ እንደሚሆን ወሰነ። ከንግሥቶቹ ጎን ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ፣ ለነገሥታቱ ቦታ አዘጋጀ። እኔ የቀን ቅዠት ይይዘኝ ጀመር፤ ሃራልድ በላቸው የሚባል ጠይም ልጅ በየመስከረሙ እጁን ሲያወጣ፣ የአስተማሪዋ ፈገግታ ሲከስም። እኔ አንዷ እበቃ ነበር። ይህን ልጅ ከዚህ ግድግዳ ማዳን አለብኝ አልኩ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ፣ እማዬ ከሻንጣ የሕፃን ልብስ ስታወጣ አንዲት ትንሽዬ ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያ ወደቀች። አዲስ ናት፣ ማንም አላደረጋትም።

«ይቺን ማን ሠራት?» አልኳት።

«ሞክሼሽ» አለችኝ።

እያጣጠፈች ነገረችኝ። አባቴ አዲስ አበባ አንድ የእርዳታ ቢሮ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ አለቃው ኢንገቦርግ የምትባል ስዊድናዊት ነበረች፣ ጊዜዋን ጨርሳ አገሯ ልትመለስ ስትል እኔ ተወለድኩ። በስሟ ቢሰይመኝ ልቧ ራርቶ ትወስደናለች ብሎ አሰበ። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ አቀፈችው፣ ሄደች። ከዓመት በኋላ ኮፍያዋ በፖስታ መጣች።

«ስትደርስ ራስሽ አድጎ አልፏታል» አለች እማዬ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቃ። ከእሷ የመጣ ይኸው ነው።»

ለካ አባቴ ስሙን ያወጣው ለእኔ አልነበረም። ለሴትዮዋ ነበር፤ እኔ ፖስታው ነበርኩ። ንግሥቶቹ የመጡት በኋላ፣ ሰው ሲጠይቀው የሚናገረው ሲያጣ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕላስተሩ ጭርርር ባለ ቁጥር ናቅኩት፤ በጣም ናቅኩት፣ በልጅነት ብቻ የሚቻለውን ያህል።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ፣ ዊተን ላይብረሪ ገብቼ ስለ ፈረንሳዩ ንጉሥ ሚስት ራሴ አነበብኩ፤ ቀጥሎ ያለውን ገጽ፣ አባቴ ኮፒ ያላደረገውን። ንጉሡ በሠርጉ ማግስት አባሯታል። ምክንያቱን ማንም አያውቅም። ከገዳም ገዳም፣ ከግንብ ግንብ እያዘዋወረ ለዓመታት አስሯታል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ፣ ታክሲው ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

«በማግስቱ እኮ ነው ያባረራት!»

«አውቃለሁ አልኩሽ። እሷ ግን ንግሥት ነኝ እንዳለች ኖረች። አለቀቀችም።» መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ቀይ ላይ አፍጥጦ ቆየ። «መጨረሻ ላይ መልሶ ተቀበላት፣ ያንንም አንብቢ።»

ስለ ሴትዮዋም፣ ስለ ኮፍያዋም ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። እስር ቤት ተቀምጣ በስም የምትሟገት ሞኝ ናት ብዬ ግን በልቤ ደመደምኩ፣ እሱንም ጨምሬ።

ወንድሜ የተወለደው በትንሣኤ ሰሞን ነው። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ከእማዬ ጋር አድሮ፣ ጠዋት ጋሽ ወርቁ እኔን ሆስፒታል ሲያደርሰኝ፣ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ወዴት? የሃራልድን ነገሥታት ኮፒ ሊያስደርግ! ሚስቱ ገና ወልዳ። እሱ እንደወጣ አንዲት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ለልደት ምዝገባ የልጁን ስም ልትጠይቅ መጣች። እንደ ሁልጊዜው አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ለባንኩም፣ ለኪራይ ቢሮውም፣ ለሐኪሙም ስናገር ያደግኩት እኔ ነኝ።

«የልጁን ስም ነው የምትለው» አልኳት እማዬን።

እማዬ ሕፃኑን አየችው፣ በሩን አየችው።

«አባትሽ ሃራልድ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«በቋንቋዋ የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለችና ትራሱ ላይ ተደገፈች። «ይበልጣል በያት።»

አልኳት። ፊደል በፊደል፣ ሴትዮዋ ደግማ እያነበበችልኝ፣ አስጻፍኩ። እንደዚያን ቀን እንግሊዝኛዬ አምሮ አያውቅም።

አባቴ ወረቀቶቹን በክንዱ አቅፎ ሲገባ፣ የሕፃኑ አልጋ ላይ የተለጠፈችውን ካርድ ጎንበስ ብሎ አነበበ። እማዬ ቀና ሳትል፣ «ይበልጣል» አለች፤ «ከማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።» አባቴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ነገሥታቱን አራት ቦታ አጥፎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

በሙቀቱ መግቢያ፣ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ከመነሳቱ በፊት፣ አባቴ ላይብረሪ ይመላለስ ነበር። ታላላቅ ይበልጣሎችን ሲፈልግ! አንድም አላገኘም፤ በዚያ ሁሉ መደርደሪያ ውስጥ ስለ አንድ ይበልጣል የጻፈ ሰው አልነበረም። በክርስትናው ማግሥት የፕላስተሩን ድምፅ ሰምቼ፣ ደግሞ ምን አመጣብን ብዬ ስወጣ፣ ለነገሥታቱ ባዘጋጀው ቦታ ላይ የወንድሜን ፎቶ ለጥፎ፣ ቀጥ ማለቱን በአንድ ዓይኑ እያየ ነበር። አፍንጫው የተጨፈለቀ፣ ዓይኑ የተጨፈነ ሕፃን፣ ከንግሥቶች ጎን። እኔ የምፈልገው ሆኖልኝ፣ ወንድሜ ድኖልኝ፣ ለምን እንዳለቀስኩ ያኔ አልገባኝም። የእኔ ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ አልነበረም። ቦታዬ ተይዟል።

ዛሬ ወላጆቼ ሎረል ከተማ ናቸው፣ እኔ ከእነሱ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቄ አሌክሳንድሪያ ባል አግብቼ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ንግሥቶቹን ተሸክሞ ነው ቤት የቀየረው፤ ቢጫ ሆነዋል። ወንድሜ ከሕፃንነቱ እስከ ኳስ ማሊያው ግድግዳውን ሞልቶታል። የምረቃ ፎቶዬን ሲጠይቀኝ፣ «ንግሥቶቹ አይበቁህም?» ብዬው ነበር። ስሜን ፍርድ ቤት ሄጄ መቀየር ስችል አልቀየርኩም፤ ለምን እንደሆነ ለእሱ ነግሬው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት እርጉዝ መሆኔን፣ ሴት መሆኗንም ልነግረው ደወልኩለት።

«ስሟን የማወጣው እኔ ነኝ፣ እንዳትጀምር» አልኩት።

«ማን ምን አለሽ?» አለ። ቀጥሎም፣ «ስትወለድ ፎቶ ላኪልኝ። ያንቺንም ጨምረሽ።»

«የት ልትለጥፈው? ቦታ የለህም።»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያም ያ ድምፅ መጣ። ያኔ ሲለጥፍ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚስበው፣ ጭርርር አድርጎ፤ አሁን ግን ቀስ እያለ፣ ቀለሙን ይዞ እንዳይነሳ እየተጠነቀቀ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ያላቅቅ ነበር።

«አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ወንበር ላይ ነህ? ውረድ» አልኩት።

«አንዷ ቀረችኝ» አለ።

ስልኩን አልዘጋሁም። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።