በከረጢቱ የቀረው ኪኒን

ወንድሙን ገደለ ተብያለሁ። በንዴት ልቡን አፈንድቶ ገደለው አሉ። ለቅሶው ድንኳን እንዳልገባ ተከልክዬ፣ የእናቴን ልጅ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት።

ታላቄ ነበር። እሱም አንድ በሬ፣ እኔም አንድ በሬ፤ መቀናጆ ነበርን። ሁለቱን ጠምደን አንድ ቀን የእሱን፣ አንድ ቀን የእኔን መሬት እናርሳለን። ያን ጠዋት ተራው የማን ነው ብለን ተጨቃጨቅን። እኔ ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ። ከዚያ እርፉን ለቆ ደረቱን ያዘ።

«ጨጓራዬ ተነሣ» አለ።

«ተራ ሲያልፍብህ ጨጓራህ ይነሣል» አልኩት።

ጠዋቱ ገና ጋቢ የሚያስደርብ ነው፤ የእሱ ግንባር ግን ላብ በላብ ሆኗል። ግራ ክንዱን ያሻል። መንጋጋዬንም ያመኛል አለ። ጨጓራ ክንድና መንጋጋ እንደማይዝ ዛሬ አውቃለሁ፤ ልቡ ነበር። ያኔ ያኮረፈ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ። ዞር ስል ወድቋል። ቃሬዛ እስኪገኝ ረፈደ፤ ባጃጅ ከሚቆምበት መንገድ ሳንደርስ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር በሬ የሚያቀናጅ ጠፋ። «ከእሱ ጋር የተጠመደ ወንድሙም አልተረፈ» እያለ የወንድሜ ሚስት ወንድም ገበያ ላይ ያወራል። በሬዬ ሰባ፣ መሬቴ ጦም አደረ።

ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ቂም ነው። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት ሰቆጣ ታክሞ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዞ ተመልሶ ነበር፤ የሞተበትን ያ ይነግረኛል አልኩ። እሱም አያነብ፣ ሚስቱም አታነብ። ስለ እኔ ብሎ ሄዶ የሚያነብልኝ ደግሞ አልነበረም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ገብቼ፣ በሕፃን አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተማርኩ። በዓመቱ ማንበብ ስችል፣ እንዳታባርረኝ የነፍስ አባታችንን ይዤ የወንድሜ ሚስት ቤት ሄድኩ።

«ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?» አለችኝ።

«ከሕክምና ይዞት የመጣውን አሳዪኝ። ማንበብ ተምሬአለሁ።»

«ሰው ከገደልክ በኋላ?»

«ልጄ፣ ያንብብ» አሏት አባ።

ከሳጥን አወጣችው። የመድኃኒት ከረጢት ነው፤ ኪኒኑ ሳይነካ የቀረ እስኪመስል ሞልቷል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ ለደም ግፊት። ጠዋት ጠዋት አንድ። ቢሻልዎትም አያቋርጡ።

«ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር የሚውጠው» አለች ቀስ ብላ። «ጾሙ ሲገባማ ከፋሲካ ወዲያ ብሎ ጭራሽ ተወው።»

አባ መሬት መሬት አዩ። «መድኃኒት የዋጠ ሕመምተኛ ጾም ሻረ አይባልም። ምነው በጠየቀኝ» አሉ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ነፃ ወጥቼ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ኪኒኑን ሲውጥ አይቼ፣ «ወንድ አይደለህ? እንደ አሮጊት ትቅማለህ?» ብዬ ሰው መሃል የሳቅኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ሲውጥ አላየሁም። ይህንንም ነገርኳት። ያ ጭቅጭቅ ገደለው አልገደለው እንጃ። ሳቄ ግን ድርሻ አለው።

«ይህን ማን ጠየቀህ?» አለች። ከረጢቱን ከእጄ ወስዳ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው።

በሳምንቱ ሰቆጣ ሄጄ የወንድሜን ነገር ነግሬ የደም ግፊት ተለካሁ። ነርሷ ክንዴን አስራ ለካችና፣ «የእርስዎም ከፍ ብሏል» አለችኝ።

«ምንም አያመኝም እኮ» አልኳት።

«እሱ ነው ክፋቱ። እስኪያምዎ አይጠብቁ። ጨውም ይቀንሱ።»

አሁን በየጠዋቱ እውጣለሁ፣ ጾምም ቢሆን። ገበያ በሚውልበት ቀን ሰው እያየኝ እውጣለሁ። አሮጊት የሚለኝ ካለ ይበል። እኔም ብያለሁ፤ ወንድሜን ቀብሬበታለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የወንድሜ ሚስት የእሱን በሬ እየነዳች ደጄ መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ገመዱን እጄ ላይ አኖረችና፣ «ዛሬ የእኛን እረስልን። ነገ ተራው የአንተ ነው» አለች።

የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነበር፤ ሰኔ ዐሥራ ሦስት ቀን።