አራሷ ሽመላ

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ያየኋት ሽመላ ትዝ ያለችኝ ዛሬ ልጄ በስልኳ ያነሳችውን ወፍ ስታሳየኝ ነው። ያን ጊዜ ከደብረ ታቦር ወርደን ፎገራ አክስቴ ቤት ሰንብተን ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ወፍ ሊያሳየኝ ወደ ረግረጉ ወሰደኝ። አንዲት ሽመላ ሣር መሐል እንቁላሏን ታቅፋ አየሁና ልሮጥ ስል በነጠላዬ ጫፍ ያዘኝ።

«ተይ አንቺ! አራስ ናት። ከደነገጠች እንቁላሏን ጥላው ትሄዳለች።»

«ታዲያ ማን ይጠይቃታል?»

«እግዜር አለላት» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ለቁርስ የሰጠችኝን ገንፎ በቅጠል ይዤ ወረድኩ። ከሩቅ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩላትና እንዳትደነግጥ በሹክሹክታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያት ቀስ ብዬ ተመለስኩ።